ለድመቷ የተጻፈ ማመልከቻ

ጅቡቲ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ሩዝ በሌላ ባለንብረት ስም ሞልቼ ሰውየውን ሦስት ቀን ወደብ ላይ አመላልሼዋለሁ። የአለቃዬን አዲስ ፕሪንተር በአንድ ቀን ጥርሱን አርግፌዋለሁ። ሁሉም በጊዜው ተስተካከለ። ያልተስተካከለው የአንድ አባት ደብዳቤ ነው። ለልጃቸው የጻፉት ሰባት ገጽ እሷ እጅ ሳይገባ የቀረው በእኔ ቀልድ ነው። ቀልዱን ደግሞ የቀለድኩት በኮምፒውተር ድመት አፍ ነው። ድመቷ ምንም አላጠፋችም።

ቢሮአችን ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ምድር ቤቱ ጨርቅ የሚሸጥበት ቤት ፎቅ ላይ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ለሚያልፍ ጭነት ወረቀት የምናዘጋጅ ትራንዚተሮች ነን። አለቃችን፣ የቢሮው ባለቤት፣ ጅቡቲያዊ ነው፤ ስልክ ላይ በሶማሊኛ ይጮሃል፣ እኛን በፈረንሳይኛ ይቆጣናል። እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ፈረንሳይኛዬ ከሰላምታና ከዕቃ ስም አያልፍም፤ ያስቀጠረኝ ኮምፒውተር ማወቄ ነው። ያኔ ኮምፒውተር ያውቃል ለመባል ሲዲ ከትቶ ፕሮግራም መጫን በቂ ነበር።

ሌላው ሠራተኛ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአገሬ ሰው ናቸው። ስልሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያች ቢሮ በፈረንሳይኛ የጽሕፈት መኪና ለጉምሩክ ደብዳቤ ሲመቱ ኖረዋል። ሰላምታ አከፋፈታቸውና የመጨረሻ አክብሮት አገላለጻቸው እንደ ጸሎት አይለወጥም። ምሳቸውን የሚበሉት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነው፤ የዓሣውን ራስ ለገበያው ድመቶች ይተዉላቸዋል። ድመቶቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይመጣሉ።

አንድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ከድሬዳዋ ደብዳቤ ያመጣላቸው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ስለተንቀጠቀጠ «እስቲ አንብብልኝ አንተ ልጅ» አሉኝ። ከልጃቸው ነው። ጥለዋት ሲወጡ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ «አባትሽ ሞቷል» ብላ አሳደገቻት፤ አልጋ ላይ ሆና ልትሞት ስትል ግን «ጅቡቲ ነው ያለው ይላሉ» አለቻት። ደብዳቤው ረጅም አልነበረም። ወቀሳም የለውም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስትሄድ ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለውኝ አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው ሁሉ መልሱ ነበር። በእስክሪብቶ መጻፍ ትተው ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ትል የሄደበት ይመስላል። ቁልፍ መምታት ግን ይችላሉ፤ ጣት አንዴ ቁልፉ ላይ ካረፈ መንቀጥቀጡን ማንም አያይበትም። ለሌላ ሰው ነግረው ማስጻፍን አላሰቡትም። «ይህ በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

እንደ አጋጣሚ አለቃችን ሁለት ኮምፒውተር የገዛው በዚያው ሰሞን ነው። የጽሕፈት መኪናውን ተሸካሚ ጠርቶ አስወሰደው። ጋሼ መኪናቸው በደረጃው ሲወርድ በመስኮት አዩት። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የጽሑፍ ፕሮግራሙን ስጭን ከስክሪኑ ጥግ ላይ የሚንቀሳቀስ የረዳት ሥዕል ይመጣል። ሰነፍ ጫኝ አብሮ የመጣውን አንዱን ብቻ ተቀብሎ ይተወዋል። ሌሎቹ ግን ሲዲው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጭነቱን በራሴ ምርጫ ላድርግ ብለህ ገብተህ አንድ በአንድ ምልክት ካላደረግህባቸው አይወጡም። ግማሽ ቀን አባክኜ ሁሉንም አወጣኋቸው። ሮቦት መሳይ አለ፣ ውሻ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ከወረቀት ማያያዣ የተሠራ ነገር አለ። ለጋሼ ድመቷን መረጥኩላቸው። ለምን እንደመረጥኩላቸው መናገር አያስፈልገኝም፤ ደረጃው ላይ ያሉትን አይቼ ነው።

ድመቷን አበጃጀኋት። ድምፅዋ እንዳያስደነግጣቸው ዘጋሁት። ጽሑፍ ላይ ስትቆም ራሷ ወደ ጎን እንድትል አደረግኩ። ለረጅም ጊዜ ካልነኳት ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ሲመለሱ ታዛጋለች። አለቃዬ መጥቶ አይቶ «ይሄ ነው ሥራህ?» ብሎኝ ሄደ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩዋት ቆዩና «ሆዷ ጠግቧል» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

በመጀመሪያው ቀን ለጉምሩክ ደብዳቤ ሊጽፉ ተቀመጡ። «ሙሲዩ»፣ ማለትም «ጌታዬ»፣ ብለው ጀምረው መስመር ሲዘሉ ድመቷ ብድግ አለች። በራሷ ላይ ነጭ ሳጥን ተከፍቶ፣ ደብዳቤ እየጻፉ ይመስላል፣ ላግዝዎት ወይ የሚል ጽሑፍ መጣ። ጋሼ እጃቸውን ከቁልፉ አነሱ። ከወንበሩም ትንሽ ከፍ አሉ።

«ደብዳቤ መሆኑን በምን አወቀ?»

«ያነባላ፣ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም!» አልኩ፣ ፕሮግራሙን ራሴ የሠራሁት ይመስል እየተኩራራሁ። የምታውቀው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ለእሷ ባዶ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም። ሰው በእኔ ነገር ሲደነቅ ማየት እወድ ነበር።

ያን ቀን ይመስለኛል ታሪካቸውን ያጫወቱኝ። ድሬዳዋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ዘመኑ የደርግ ነው። «ከወንበሬ ኋላ አንድ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር» አሉኝ። «ወረቀቱን አያይም። የሚያየው ጣቴን ነው። የማንን ስም ስመታ ጣቴ እንደሚዘገይ። ሲሰለቸው ያዛጋል፤ ሲያዛጋ ዛሬስ ደህና ዋልን እንል ነበር።» የሚመቱት የሚፈለጉ ሰዎችን የስም ዝርዝር ነበር። የሰውየው ስም ከገባ ከሥሩ የሚስቱና የልጆቹ ስም ይከተላል። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፣ እኔም ሳቅሁ። ስክሪኑ ላይ ድመቷ አዛጋች። «እንዲህ፣ ልክ እንዲህ ነበር» አሉ፣ የባሰ ሳቅን።

እንግዲህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሰምቼ ነበር። የሰማሁት ግን እንደ ተረት ነው፤ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

የአማርኛ ፊደል ጫንኩላቸው። ያኔ ፊደላችን በፈረንጅ ፊደል ላይ ተለጥፎ የሚሠራ ነበር፤ ፕሮግራሙ የጻፍከውን ስህተት መስሎት እየቀየረ አስቸግሯቸው ጠሩኝ። እርማቱን ሳጠፋላቸው የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። «ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ጥያቄሽም ትክክል ነው» ይላል። ከዚያ በታች ያለውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ማንበብ አልፈለግኩም፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ያየሁት ያንን መስመር ብቻ ነው ብዬ እምላለሁ።

ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ከተማው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጫት ይገባል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ አለቃችን ወደ ጓደኞቹ ቤት ይሄዳል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይወድቃል። እኔም ምሳዬን በልቼ እስከ አሥር ሰዓት እተኛለሁ። ጋሼ ግን ይቀራሉ። ማራገቢያው ከላያቸው እየተንቋቋ፣ በሁለት ጣት፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል። ስመለስ ፊታቸው ታጥቦ የወጣ ይመስላል። አንድ ገጽ ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ወር ሲያልፍ ሰባት ሆነ። የገጹን ቁጥር ከስክሪኑ ሥር ስለማየው ነው የማውቀው። መብራት በሄደ ቁጥር «ጠፋ ወይ?» እያሉ ይሮጡብኝ ነበር፤ አልጠፋም ስላቸው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር።

ያንን ሰሞን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ለልጃቸው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሁለት መስመር ጽፈው በሹፌሩ ላኩ፤ ረጅም ደብዳቤ በማሽን እየጻፍኩልሽ ነው፣ ጠብቂኝ የሚል። ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። «ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ካለቀ ስጡኝ» አላቸው። «ያልቃል፣ ሐሙስ ያልቃል» አሉ።

ማክሰኞ ቀን ሥራ አልነበረንም። ወደቡ ተጨናንቆ መርከባችን ገና ውጭ ቆማለች። ለድመቷ ትእዛዝ ስለመጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ከአንድ ልጅ ተውሼ ነበርና ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ሰነድ ሲከፈት ድመቷ እንድትነሳ፣ ሳጥኑን እንድትከፍት፣ እኔ ያልኩትን እንድትል ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ በራሴ ሰነድ ላይ ሞከርኩት፤ ሠራ። ከዚያ ምን ሰይጣን እንደገባብኝ እንጃ፣ የጋሼን ደብዳቤ ከፍቼ እዚያ ላይ አስገባሁት። የእኛ ፊደል ሳጥኑ ውስጥ አልታይ ስላለ በፈረንጅ ፊደል በአማርኛ ጻፍኩት፤ «ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ» የሚል። አንዴ ሰነዱን ከፍቼ አየሁት። ድመቷ ብድግ ብላ ጭራዋን ቆልምማ ቃሌን ተናገረች። ብቻዬን እስክፈርስ ሳቅሁ። ሲያዩት ይደነግጡና «አንተ ቀልደኛ!» ብለው ሲጮሁብኝ ታየኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቶሎ ወጣሁ፤ ስመለስ እንደሚጠብቁኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ስመለስ አልነበሩም። ሃያ ዓመት ከቢሮው ቀድመው ወጥተው የማያውቁ ሰው ወንበራቸውን ገፍተው ሄደዋል። ኮምፒውተሩ በርቷል። ድመቷ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ሳጥኗ ግን ከላይዋ እንደተከፈተ ነው። የዚያ ሳጥን ሥር፣ ሰው ለረዳቱ ጥያቄ የሚጽፍባት ጠባብ ቦታ አለች፤ ገጽ እንዴት ይታተማል፣ ፖስታ ላይ አድራሻ እንዴት ይወጣል ዓይነት ጥያቄ። ጋሼ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ በፈረንሳይኛ ጽፈዋል። በ«ሙሲዩ» ይጀምራል። መስመር በመስመር ገፋ እያደረግኩ አነበብኩት፤ ቋንቋው ስለማይገባኝ የለቀምኩት ልጅ የሚለውን ቃል፣ እባክዎ የሚለውን ቃል፣ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ መደምሰስ የሚለውን ቃል ነው። የአክብሮት ሰላምታቸውን እንደ ልማዳቸው ጀምረውት ቦታው ስላለቀ መሃሉ ላይ ተቆርጧል።

ለድመቷ ማመልከቻ ጽፈዋል።

ድመቷም መልሳላቸዋለች። ከጥያቄው ውስጥ የምታውቀው ቃል አንድ ብቻ ስለሆነ በእሱ ላይ ያላትን ሁሉ ከሥሩ ዘርዝራለች። የመጀመሪያው፣ ሰነድ እንዴት ይደመሰሳል። ሁለተኛው፣ የተጣለ ሰነድ የሚገባበት ቅርጫት እንዴት ባዶ ይደረጋል። ሦስተኛው፣ የተደመሰሰ ጽሑፍ እንዴት ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተነክተው ቀለማቸው ተቀይሯል፤ ጋሼ እስከ ሦስተኛው አልወረዱም። በሁለት ጣት፣ የታዘዙትን ደረጃ በደረጃ ፈጽመው ተነስተዋል። ሰነዱ የለም። ቅርጫቱ ባዶ ነው። ሦስተኛውን እኔ ሞከርኩት፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሞከርኩ። አልተመለሰም።

ሳጥኑን መዝጋት አቃተኝ። ከዘጋሁት ማመልከቻውም እንደሚጠፋ አውቃለሁ። የማይፈለግ የጭነት ወረቀት ጀርባ ላይ አንድም ፊደል ሳልዘል ማመልከቻውን ገለበጥኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። ድመቷንም ከሁለቱም ማሽን አጠፋኋት።

በነጋታው ጠዋት ጋሼን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። ዓይናቸው ደም ለብሷል። «ጋሼ፣ ይማሩኝ» አልኩ። «ድመቷ ሥዕል ናት። ምንም አታነብም። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለቀልድ ነው።» እውነቱን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። እውነት ስናገር ይቀልላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ሌላ ነው። ደብዳቤውን የከፈተው፣ ከወንበራቸው ኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ነው የሰሙት። ጆሮ ጠቢ መሆኔን በገዛ አፌ መሰከርኩላቸው።

ፈገግ አሉልኝ። እንዲያ ያለ ፈገግታ ለአለቆች የሚሰጥ ነው። «ግድ የለም፣ ጌታዬ» አሉ። «እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት።»

ሁለት ዓመት አንተ ልጅ ሲሉኝ ኖረው ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ እርስዎ አሉኝ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አንድ ቀን አለቀስኩም። «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት» ይሉኝ ነበር፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ሐሙስ ሹፌሩ መጥቶ «አለቀ ወይ ጋሼ?» አለ። «አላለቀም» አሉት። በሚቀጥለው ወር መጣ። አላለቀም። የቢሮውን ሥራ ይሠራሉ፤ የጉምሩክ ደብዳቤ ያለ እንከን ይመታሉ። አማርኛ ግን አንድ ፊደል አልጻፉም። አንዴ ድፍረት አግኝቼ «ጋሼ፣ ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎ» አልኩ። ይህን ማለቴን ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያግለኛል። «የምለው ነገር የለም፣ ጌታዬ» አሉኝ።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጻፈች። የመጀመሪያው ደብዳቤዬን አልላክህልኝም የሚል ነው። ሁለተኛው የበለጠ አጭር ነው፤ «ማስቸገሬ ከሆነ ይቅር» ይላል። ለሁለቱም በእስክሪብቶ «እየጻፍኩ ነው» ብለው መለሱ። እነዚያን ሁለት ቃላት ለመጻፍ ምሳ ሰዓታቸውን ሙሉ ፈጅተዋል። ከዚያ ወዲያ ከድሬዳዋ ምንም አልመጣም። ሹፌሩ ቢሮአችንን አልፎ ሲሄድ ጋሼ ከመስኮት ወደ ኋላ ሲሸሹ አያለሁ።

እዚህ ላይ ሌላም ጥፋት አለብኝ። ፈረንሳይኛዬ ከዓመት በኋላ እየተቃና መጣ። አንድ ቀን ያቺን የጭነት ወረቀት ከሻንጣዬ ሥር አውጥቼ አነበብኳት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገባኝ። የዚያን ዕለት ለልጅቷ መላክ ነበረብኝ። አድራሻዋን ሹፌሩ ያውቃል። አልላክሁም። የእሳቸው ምሥጢር ነው፣ ራሳቸው ሲፈልጉ ይናገሩታል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን፣ ወረቀቷ ከሄደች እንዴት እኔ እጅ እንደገባች መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጋሼ በበጋው ሙቀት ወቅት፣ ያ አቧራ የሚያመጣው ነፋስ ሲነፍስ ታመው ስኳራቸው ከፍ ብሎ በአራት ቀን ሞቱ። የእድሩ ሰዎች ቀበርናቸው። ሹፌሩ መርዶውን ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው በአሮጌው ባቡር መጣች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ቢሆን ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ገና ደረጃውን ስትወጣ ሳያት ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አብረኸው ትሠራ የነበርከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት። የሚቀመጡበትን ማየት ፈልጋ ነው። ወንበራቸውን አሳየኋት፣ ተቀመጠችበት፣ መዳፏን በቁልፎቹ ላይ አሳለፈች። መነጽራቸውን፣ ትንሿን ሬዲዮናቸውንና የራሷን ሦስት ደብዳቤዎች ሰጠኋት። ደብዳቤዎቹ ሲከፈቱ ሲታጠፉ መታጠፊያቸው ላይ ተቀድደዋል። እያገላበጠች ስታያቸው ቆየችና፣

«ረጅም ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ ነው ብሎኝ ነበር» አለች። «ውሸቱን ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልተቻለኝም። «ውሸታቸውን አይደለም። ሰባት ገጽ ጽፈው ነበር» አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ድመቷን፣ ቀልዴን፣ ማመልከቻውን፣ እርስዎ ያሉኝን፣ ወረቀቷን ደብቄ መቀመጤን። ስጨርስ እጇን ዘረጋች። ወረቀቷን አወጣሁ። ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ «አንብብልኝ» አለችኝ።

ማመልከቻው በ«ሙሲዩ» ነው የሚጀምረው። ያንን ቃል ልዘለው አሰብኩ። «ልጄ» ብዬ ብጀምርላት ማን ያውቅብኛል? ቀሪው እኮ ስለ እሷ ነው፤ ደብዳቤዋን አገኘች ማለት ነው። አፌን ከፍቼ «ልጄ» አልኩ። ከዚያ አቆምኩ። አንዴ በሰው ደብዳቤ ላይ የራሴን ቃል ጨምሬ የሆነውን አይቻለሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኳት። «ለአንቺ የተጻፈ አይደለም። ለድመቷ ነው።» እንዳለ አነበብኩላት፤

«ሙሲዩ፣ በምሳ ሰዓት የጻፍኩት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም፣ ለልጄ ነው። እሷ ምንም አታውቅም። ያኔ ከቤቴ የወጣሁት ስሟ ከስሜ ሥር እንዳይጻፍ ነው። አልቀሰቀስኳትም፤ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ነው። ዛሬ ከተመዘገበች የወጣሁት በከንቱ ነው። እባክዎ ለማንም አያሳልፉት። ጥፋት ከሆነ ሁሉንም ለመደምሰስ ዝግጁ ነኝ። ሙሲዩ፣ ከፍ ያለ አክብ»

ደጋግሜ እንዳነብላት አልጠየቀችኝም። ከታች ጨርቅ ሻጩ ዋጋ ይጣራል። ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ነቅቼ ነበር» አለች። «ጎህ ሳይቀድ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ይቀሰቅሰኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩት። አላለቀስኩም። ቢቀሰቅሰኝም አላለቅስም ነበር።»

ይህን ልትነግራቸው ነበር የጻፈችው። አንዲት ጥያቄ አስቀድማ፣ መልሱ ሲመጣ ልትነግራቸው። እሳቸው ደግሞ ታለቅሳለች ብለው ሳይቀሰቅሷት መውጣታቸው እንደቆጫቸው ሞቱ። ያን ያህል ዓመት ያልተባለው ነገር በአንድ ሐሙስ ሊያልቅ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ወረቀቱን ስላልጣልከው እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን አለመሆኑን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች።

«ስሜን የትም ላይ ጽፎታል?»

ወረቀቷን እንደገና አየኋት። «አልጻፉትም። ልጄ ብቻ ነው ያሉሽ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ወረቀቷን አራት አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተችና ደረጃውን ወረደች። የገበያው ድመቶች የዓሣ ራስ ያመጣች መስሏቸው ተከተሏት።

ያ ፕሮግራም ተለውጦ ተለውጦ ዛሬ እንዲያ ያለ እንስሳ የለበትም፤ የዛሬ ልጆች ብነግራቸው አያምኑኝም። እኔ ግን አሁንም የማላውቀውን ማሽን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥጉ ነው። ይህን ስጽፍም እንደዚያው ሆንኩ። ልጅቷ እኔ ዘንድ በነበረችበት ሰዓት ስሟን ነግራኛለች፣ አልረሳሁትም፣ የሚያምር ስም ነው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ጣቴ ሊጽፈው ሄዶ ነበር። አልጻፍኩትም። አባቷ ሁሉን ነገር የከፈሉት ስሟ እንዳይጻፍ ነው፤ እኔ ለጋሼ ላደርግላቸው የቀረኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።